ስብራቱ ለወጌሻ፣ ጋንግሪኑ ለሐኪም?

አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ ሰው ከሞተር ወድቆ ክንዱ ቢታጠፍ፣ ዙሪያውን የሚሰበሰበው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የሆስፒታሉን ነገር አይደለም። “ጥሩ ወጌሻ የሚያውቅ አለ?” ነው የሚለው። ወዲያው ሦስት አራት ስም ይጠራል። አንዱ ሲቀላ ያሉትን ሽማግሌ ያነሳል፤ ሌላው “እሳቸው አሁን አርጅተዋል፣ የሴቻው ይሻላል” ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ጨንቻ መውጫው ላይ ስላሉ አንዲት እናት ያወራል። ባጃጁ የሚነሳው ይሄ ክርክር ሲያልቅ ነው።

እኔ ኢኮኖሚክስ ያጠናሁ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ አጥንት እንዴት እንደሚታሰር ከእኔ እንዳትማሩ። ግን ብዙ ሕዝብ ለብዙ ዘመን አንድን ነገር ደጋግሞ ሲመርጥ “ባለማወቅ ነው” ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ነው። ሰውዬው ወጌሻ ጋ ሲሄድ ምን ይከፍላል፣ ሆስፒታል ቢሄድስ?

እስቲ በዲታ ወይም በቦንኬ ደጋ የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። ቅርብ ያለው ጤና ኬላ ነው፤ እዚያ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ክትባትና የእናቶች ክትትል ላይ የሠለጠኑ እንጂ አጥንት የሚያስሩ አይደሉም። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ራጅ የለውም። ራጅ ከተፈለገ ወይ ጨንቻ፣ ወይ አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል መድረስ ነው። ከጨንቻ ከተማ ቢነሳ እንኳ እስከ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ቁልቁል የሚያወርድ ጠመዝማዛ። የተሰበረ ክንድ ይዞ በዚያ መንገድ መናጥ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ከደረሱ በኋላ ካርድ አለ፣ ራጅ አለ፣ ጄሶ አለ። አባትየው ብቻውን አይመጣም፤ ዘመድ ይከተለዋል። ማደሪያና ምግብ ይፈለጋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪ ነው፤ እርሻው ላይ ያልተሠራበት ቀን። እኛ ክፍል ውስጥ ለፈተና “የዕድል ዋጋ” እያልን የሸመደድነው እሱን ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለው ሰው የሕክምናው ሒሳብ ይቀልለታል። ትራንስፖርቱና የጠፋው ቀን ግን መድኑ ውስጥ የሉም። በዚያ ላይ “ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስ” ይባላል። ያ ማለት ሁሉም ወጪ አንድ ጊዜ ይደገማል ማለት ነው።

ወጌሻው ደግሞ ጎረቤት ነው። ቤት ድረስ ይመጣል፣ በጋሞኛ ያወራል፣ ልጁን በስሙ ይጠራዋል። ክፍያው አሁን ካልተገኘ ሲድን ይሆናል፤ ብር ከሌለ በዓይነት ይሆናል። የሚያስርበት ቀርከሃ የዶርዜ ቤት የሚሠራበት ያው ቀርከሃ ነው፣ ከጓሮ ይቆረጣል። በነጋታው መጥቶ ያያል፣ በሦስተኛው ቀንም ይመጣል። የትኛው ሆስፒታል ነው በሦስተኛው ቀን ቤቴ የሚመጣው?

እና ደግሞ ያድናል። ይሄን የማይቀበል ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ ይገርመኛል። ቆዳ ያልቀደደና ብዙ ያልተዛባ ስብራት በልኩ ተይዞ እንዳይንቀሳቀስ ከተደረገ አጥንቱ ራሱን ይጠግናል። አጥንት የያዘውን ሰው ዲፕሎማ አይጠይቅም። ስለዚህ አንድ ልምድ ያለው ወጌሻ ካሰራቸው ሰዎች ብዙዎቹ ድነው ገበያ ላይ ይታያሉ፣ እያንዳንዳቸውም ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ የዶርም ጓደኛችን ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዝዞ እሑድ ጠዋት ወጌሻ ጋ ወሰድነው። በቅቤ ታሸ፣ ጮኸ፣ በሳምንቱ ሮጠ። ወለምታ ነበር፤ ዝም ቢባልም ይድን ነበር ይሆናል። ግን የዶርሙ ልጅ በሙሉ የወጌሻውን ስልክ መዘገበ።

ነገሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ የሚያየው የዳኑትን ነው። ያልዳነው ሰው ገበያ አይወጣም፤ ወይ ቤት ተኝቷል፣ ወይ ሆስፒታል ገብቷል። ሐኪሙስ? እሱ የሚያየው የተገላቢጦሹን ነው። ወጌሻ ያዳነው ሰው ሆስፒታል ምን ሊሠራ ይሄዳል? የሚሄደው የተበላሸበት ነው፤ እሱም በአሥረኛው ቀን፣ ጣቶቹ ጠቁረው። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ወጣት ሐኪም በሥራ ዘመኑ ያየው የወጌሻ ሥራ በሙሉ የጠቆረ እጅ ከሆነ ስለ ወጌሻ ምን ዓይነት አስተያየት ሊኖረው ይችላል? ሁለቱም ወገን ውሸት አልተናገረም። ሁለቱም የያዘው ናሙና የተዛባ ነው። ስታትስቲክስ መምህራችን ቢሰማ ደስ የሚለው ምሳሌ ነው፣ ዋጋው የሰው እጅ ባይሆን ኖሮ።

የጠቆረው እጅ ነገር በደንብ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም አብዛኛው ጉዳት ከአንድ ቀላል ስህተት ይመጣል። አጥንት ሲሰበር ዙሪያው ያብጣል፣ እብጠቱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየጨመረ ይሄዳል። ወጌሻው ጠዋት በልኩ ያሰረው ማታ ላይ ጠባብ ይሆናል። ጠባቡ ማሰሪያ ደም እንዳይተላለፍ ያንቃል። ጡንቻ ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሞላ መሞት ይጀምራል። ሕመሙ እየባሰ ይሄዳል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ቀለማቸው ይለወጣል። ልጁ ያለቅሳል። ቤተሰቡ ግን “አጥንቱ እየገጠመ ስለሆነ ነው፣ ቻለው” ይለዋል። ከዚያ ሕመሙ ድንገት ይጠፋል፣ ሁሉም “ተመስገን” ይላል። ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለሞተ ነው። ይሄ ነው ጋንግሪን የሚባለው፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መቁረጥ። በአገራችን ሆስፒታሎች ለእጅና እግር መቆረጥ ከሚያበቁት ነገሮች መካከል ይሄ አንዱ እንደሆነ በተለያየ ጊዜ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ልጆች ላይ ነው የሚደርሰው።

ይሄንን ለማስቆም የሚያስፈልገው እውቀት ስንት ነው? አንድ ቀን። ማጋነኔ አይደለም። ዶክተር መኮንን እሸቴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዙ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ለወጌሻዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠ፤ ከዚያ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የነበረው ጊዜ ተነጻጸረ፤ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር ቀንሶ ተገኘ። ትምህርቱም ረቂቅ አይደለም። አጥብቀህ አትሰር፣ ጣቶች ይታዩ፣ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው ፍታ፣ ቁስል ያለበትን ስብራት አትንካ፣ ላክ። ናይጄሪያ ውስጥም ሠልጥኖ የሚሠራን ወጌሻ ካልሠለጠነ ጋር ያነጻጸረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል፤ የሠለጠነው ያደረሰው ጉዳት ያነሰ ነበር። እርግጥ እነዚህ ትንንሽ ጥናቶች ናቸው። በፊትና በኋላ ብቻ የሚያነጻጽር ነገር ሲቀርብልኝ ኢኮኖሚስትነቴ “ሌላ የተለወጠ ነገር የለም ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ግን የሙከራው ዋጋ የአንድ ቀን አበልና የአዳራሽ ኪራይ ከሆነ፣ ሊያተርፍ የሚችለው ደግሞ የልጅ ክንድ ከሆነ፣ ፍጹም ማስረጃ እስኪመጣ መጠበቅ ራሱ መጥፎ ሒሳብ ነው።

ታዲያ ለምን እስካሁን በየወረዳው የተለመደ ነገር አልሆነም? እውቀት ስለጠፋ አይመስለኝም። ሁለቱ ሰዎች ስለማይነጋገሩ ነው። አለመነጋገሩ ደግሞ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ካይሮፕራክተር የሚባል ባለሙያ አለ። እኛ አገር ብዙው ሰው ስሙን አልሰማም፤ በቀላሉ ለመግለጥ አከርካሪና መገጣጠሚያ በእጁ እየገፋና እያንቀሳቀሰ የሚያክም ነው፣ በዩኒፎርም ያለ ወጌሻ በሉት። (ካይሮፕራክተሮች ይሄን ቢሰሙ ደስ አይላቸውም፤ የዓመታት ትምህርትና ፈቃድ አላቸው።) ሙያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 አዮዋ ግዛት ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ ዲ.ዲ. ፓልመር በሚባል ሰው ነው። ፓልመር በሽታን ሁሉ ከሞላ ጎደል ከአከርካሪ መዛነፍ ጋር አያይዞ ስለነበር ሐኪሞቹ መናደዳቸው አይገርምም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ግን በመናደድ አልቆመም። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1974 አንድ ኮሚቴ አቋቁሞ ሙያውን ለማክሰም ሠራ። አንድ ሐኪም ለካይሮፕራክተር በሽተኛ ቢልክ ወይም ከእሱ ቢቀበል የማኅበሩን የሥነ ምግባር ደንብ እንደጣሰ ይቆጠር ነበር።

ቼስተር ዊልክ የተባለ ካይሮፕራክተር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1976 ማኅበሩን ከሰሰ። የክሱ ዓይነት ነው እኔን የሳበኝ። “ሕክምናችን ትክክል ነው” ብለው አይደለም የከሰሱት፤ በንግድ ውድድር ሕግ ነው። “ተባብራችሁ ከገበያ አስወጣችሁን” ነው ነገሩ። ዳኛ ሱዛን ጌትዘንዳነር እ.ኤ.አ. በ1987 ማኅበሩ ሕጉን ጥሷል ብላ ፈረደች፤ ይግባኙም አልተሳካም። ዳኛዋ ስለ ሕክምናው ሳይንሳዊነት አልፈረደችም፣ ፍርዱም የእሱ ማረጋገጫ አይደለም። የፈረሰው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሲፈርስ ግን አንድ ነገር መጣ፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ ማየትና መመዘን ተቻለ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ዛሬ ካይሮፕራክተር ይቀጥራሉ። የአገሪቱ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለወገብ ሕመም ክኒን ከመስጠት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት መካከል ሙቀትን፣ ማሸትንና በእጅ አከርካሪን ማንቀሳቀስን ጠቅሷል። በአንጻሩ የፓልመር “ሁሉም በሽታ ከአከርካሪ ነው” አስተሳሰብ ማስረጃ አጥቶ ቀረ። የሚረባውና የማይረባው የተለየው አብሮ በመሥራት ነው፤ ከሩቅ በመሰዳደብ የተለየ ነገር የለም።

እንግሊዞች ደግሞ ከዚያ በፊት ሌላ ታሪክ አላቸው። ኢቫን ቶማስ የሚባል ከዌልስ የመጣ ወጌሻ ሊቨርፑል ውስጥ ይሠራ ነበር። ሐኪሞቹ በተደጋጋሚ ፍርድ ቤት አቆሙት። ሰውዬው ምን አደረገ? አምስት ወንዶች ልጆቹን በሙሉ ሕክምና አስተማረ። ከመካከላቸው ሂዩ ኦወን ቶማስ የአባቱን እጅና የዩኒቨርሲቲውን ትምህርት አንድ ላይ ይዞ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን የእግር መደገፊያ ሠራ። የእህት ልጅ ይሁን የሚስት ዘመድ ዝምድናው ለእኛ ብዙ ለውጥ የለውም፤ የእሱ ቤተሰብና ደቀ መዝሙር የሆነው ሮበርት ጆንስ ያንን መደገፊያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ላይ አስተዋወቀው፤ ጭናቸው ተሰብሮ ይሞቱ ከነበሩ ወታደሮች ብዙዎቹ ተረፉ። የዘመናዊው አጥንት ሕክምና አንዱ ሥር ወጌሻ ቤት ነው ማለት ነው።

ወደ ጋሞ እንመለስ። ስብራትን ትቼ የወገብ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚታሸው ለእሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረበት። ጋሞ ውስጥ ይሄንን ቁጥር ማብራራት አያስፈልግም። የዶርዜን ሸማኔ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ልኮ፣ ጎንበስ ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ መወርወሪያ ይወረውራል። ሽሮ ሜዳ ያለውም እንደዚያው ነው። ሴቶቹ ደግሞ ማገዶ ተሸክመው ያንን አቀበትና ቁልቁለት ይመላለሳሉ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ፊዚዮቴራፒስት ያሠለጥናሉ፤ ግን ደጋ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት ዕድለኝነት ነው። ስለዚህ ወገቡን የሚያሸው ወጌሻው ነው።

አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ የሚሻል ነው፤ መታሸቱ ቢያስታግሰው ማንም አይጎዳም። ጥቂቱ ግን ሌላ ነው። አገራችን የሳንባ ነቀርሳ አገር ናት፣ ቲቢ ደግሞ አከርካሪ ውስጥ ይገባል። እየከሳ የሚሄድ፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ ወገቡ ላይ ጉብታ የጀመረው፣ እግሩ እየደከመ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር እያቃተው የመጣ ሰው ሊታሽ አይገባውም። ያ ሰው በመድኃኒት የሚድን በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ዘግይቶ ከመጣ ግን እግሩ ላይነሳ ይችላል። ይሄን ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማነው? ወጌሻው ነው። ማለትም ወጌሻው ወደደም ጠላም የመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የአልማ አታ መግለጫም የባህል ሐኪሞች እንደ አስፈላጊነቱ ሠልጥነው የጤናው ቡድን አካል እንዲሆኑ ጽፏል። ቃሉ ከተጻፈ ይኸው ስንት ዓመቱ።

የሚገርመው እኛ አገር ሐኪምና ወጌሻ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት አንድ ቦታ አለ፤ የእግር ኳስ ሜዳ። የክለቦቻችን የአሠልጣኞች ዝርዝር ላይ “ወጌሻ” የሚል ማዕረግ እናነባለን፣ ማንም አያፍርበትም። የአርባ ምንጭ ከተማ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ተመልካቹ “ወጌሻው ገባ” ነው የሚለው። እሱ ዓይቶ የሚችለውን ይሠራል፣ ካልቻለ እጁን ያወዛውዛል፣ ቃሬዛ ይገባል፣ ተጫዋቹ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ወጌሻው “በሽተኛዬን ነጠቁኝ” አይልም፣ ሐኪሙም “ለምን መጀመሪያ እሱ ነካህ” ብሎ ተጫዋቹን አይቆጣም። ለአንድ አጥቂ ጉልበት የሠራው ሥርዓት ለዲታው ልጅ ክንድ የማይሠራው ለምንድን ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ የማበረታቻ ጉዳይ ነው። ወጌሻው በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ቢልክ ምን ያገኛል? ገቢውን ያጣል። “አቃተው” ይባላል፣ ስሙ ይወድቃል። ሆስፒታል የደረሰው በሽተኛ ደግሞ “ወጌሻ ጋ ነበርክ?” ተብሎ በሰው ፊት ይገሠጻል። ያ ግሣጼ መንደር ሲደርስ ቀጣዩ ሰው ከመሄዱ በፊት አሥር ጊዜ ያስባል፣ ከሄደም ወጌሻ ጋ እንደነበር ይደብቃል። በዚህ ሁኔታ ላይ መላክ ለወጌሻው ኪሳራ ነው። ሰው ኪሳራ ውስጥ ደጋግሞ እንዲገባ በስብከት አይገኝም።

አንዳንዱ “ለላከው ሰው በነፍስ ወከፍ ይከፈለው” ይላል። አልስማማም። ኮሚሽን ያለበት ቦታ ወለምታውም ስብራት ተብሎ ይላካል፣ ሆስፒታሉም ያለ ሥራው ይጨናነቃል። የሚሻለው በሽተኛው ተመልሶ እንዲመጣለት ማድረግ ነው። ሆስፒታሉ ራጅ ያንሳ፣ አጥንቱን ያስተካክል፣ ጄሶ ያስር። ከዚያ ልጁ ወደ ቀበሌው ሲመለስ አንድ ወረቀት ይያዝ፤ ወጌሻው በየቀኑ ጣቶቹን ይይ፣ ካበጠ ወይም ከቀዘቀዘ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይደውል፣ ጄሶው ሲፈታ የደረቀውን መገጣጠሚያ እንዲያንቀሳቅስ ያግዘው። ለዚያ ቤተሰቡ እንደለመደው ይክፈለው። እንዲህ ከሆነ መላክ ማጣት መሆኑ ይቀራል። ስሙም አይወድቅም፤ ሐኪሙ ራሱ ወደ እሱ መልሶ ልኮለታላ።

ሐኪሞቹ የሚያነሱት ስጋት አለ፣ ቀላል አይደለም። ሥልጠና ከተሰጠ ነገ “በሆስፒታል የሠለጠነ ወጌሻ” የሚል ታፔላ ይሰቀላል፣ ትናንት የማይደፍረውን ጭን ዛሬ ያስራል። እውነት ነው፣ ይሆናል። የልምድ አዋላጆች ታሪክም እንደ ማስረጃ ይቀርባል፤ ለዓመታት ሲሠለጥኑ ቆይተው በመጨረሻ መንግሥት እናቶች ጤና ተቋም ይውለዱ ወደሚለው ዞሯል። ግን ያንን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብበው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2005 ጤና ተቋም ይወለዱ የነበሩት ሕፃናት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 በመቶ ደረሱ። እናቶቹ ስለተገሠጹ አይደለም የመጡት። ጤና ጣቢያው ቀረበ፣ አምቡላንስ መጣ፣ አገልግሎቱ ነፃ ሆነ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ዞረች። አዋላጇን የተካት ነገር ተገንብቶ ነው። ለአጥንት ያንን ማን ገነባ? ወጌሻውን የሚተካ ነገር ሳይኖር ወጌሻውን ማግለል ስብራቱን ከዓይን ማራቅ ብቻ ነው።

አርባ ምንጭ ደግሞ እንዲህ ላለው ነገር እንግዳ አይደለችም። ቀዶ ሐኪም በጠፋበት ዘመን ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎች እናቶችን በቀዶ ጥገና እንዲያዋልዱ ከሠለጠኑባቸው ቦታዎች አንዱ የአርባ ምንጩ ሆስፒታል ነው። ያኔም “እንዴት ይሆናል” ያለ አይጠፋም። ዛሬ ደግሞ ከተማዋ የሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ወደ ማኅበረሰቡ ሲወጡ በየቀበሌው ያሉትን ወጌሻዎች መዝግበው ቢመጡ እንኳ ትልቅ ሥራ ነው፤ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያስሩ፣ ምን ሲያጋጥማቸው እንደሚፈሩ። ልምድ ያለው ወጌሻ የሚፈራው ነገር አለው፤ ከዚያ ፍርሃት ነው ውይይቱ መጀመር ያለበት።

ቦታውም አለ። ጋሞ ዱቡሻ አለው፤ ሰው ተቀምጦ፣ ተራ ጠብቆ፣ ሁሉም ሳይጯጯህ የሚነጋገርበት አደባባይ። መስከረም 2011 ላይ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣት ያስቆሙት ከዚያው ባህል ተነስተው ነው። ወጌሻን ሆቴል አዳራሽ ጠርቶ በፕሮጀክተር ከማስተማር ዱቡሻ ላይ ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ቢቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ ወጌሻው ተማሪ ነው፤ ዱቡሻው ላይ ግን ሁለቱም እኩል ተናጋሪ ናቸው። ማንኛውም የማይፈቀድ ነገር እዚያ ከተነገረ ደግሞ የሚጠብቀው የወረዳው ተቆጣጣሪ ብቻ አይሆንም፣ አባቶችም ናቸው። ቁስል ያለበትን ስብራት ያሰረ፣ ጭን የነካ፣ የጨቅላ ክርን ያሸ ወጌሻ ስሙ የሚነሳው እዚያው ይሆናል።

ጊዜው ከተመረጠ ከመስቀል በፊት ቢሆን እላለሁ። ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ በየከተማው ያለው ሸማኔ በሙሉ ወደ ደጋው የሚመለሰው ያኔ ነው፤ መንገዱ ይሞላል፣ ሞተሩም ይበዛል፣ ጭቃውም ገና አልደረቀም።